የሳምሪን ሩጫ አይቼ እመለሳለሁ

ሰጡኝ እናኑ! ሰጡኝ! ቪዛውን መቱልኝ! ትናንት ከአዲስ አበባ ይዤው ገባሁ። ይህን ስጽፍልሽ ፓስፖርቱ ጉልበቴ ላይ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ አንድ ጊዜ ገልጬ አየዋለሁ። ስፔን ልሄድ ነው! ከአዲስ አበባ ወዲያ ረግጬ የማላውቀው እኔ እፀገነት ባሕር ተሻግሬ የልጅሽን የሳምሪን ሩጫ በዓይኔ በብረቱ ላየው ነው።

ወይ ጉዴ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት! እማማ ብትኖር «ፍየል ነሽ ወይ፣ ሳታንኳኪ የምትገቢ?» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ወጥቼ ልግባ። ለውድ ታናሽ እህቴ ለእናኑ፣ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ያብጥ የነበረው እግርሽስ ጎደለልሽ? እመቤትሽ ልቧ ራራ ወይስ እንዳለች ናት? ቤሩትስ ሰላም ሆነ? እኛ ከሳላችን በቀር ደህና ነን፤ ሳሉም የበሽታ ሳይሆን የበርበሬ ነው። መጋዘኔ እስከ ጣራው ድረስ ቀይ ሆኗል፤ ሴቶቹ የበርበሬውን ጉንጮ፣ እጀታውን፣ ሲቀነጥሱ ይውላሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል። አባባ ደህና ነው፤ ዓይኑ ደከም ብሏል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተወም።

በስልክ ድምፅ ላኪልኝ ትያለሽ፤ እዚህ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። የእህተ ማርያም ልጅ ሐሙስ ወደናንተ ስለምትበር ነው ወረቀት የያዝኩት። ደግሞ የምነግርሽ ነገር በድምፅ አይሆንም፤ ሆዴ ሞልቷል። ደስታው አንድ ወገን ነው፤ ሌላው ወገን እንደ ከረመ ወጥ የሚያቅለሸልሽ ነው። ሁለቱንም ላውጣልሽ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ሳምሪ ኅዳር ሰባት እሁድ ማራቶን ትሮጣለች። አሳዳጊዬ ካላየችኝ አልሮጥም ብላ አሠልጣኟን አስቸገረችው፤ ስፔኖቹ በስሜ መጥሪያ ላኩ፤ ልጅቷ ራሷ ዋስ ሆና ፈረመች። እኔ እኮ እስካሁን አንዱንም ሩጫዋን እስከ መጨረሻው አላየሁም። አንቺ እንኳ በእመቤትሽ ማድ ቤት ተደብቀሽ በስልክ ታይያለሽ። እዚህ ሰፈርተኛው ቤቴ ይሞላል፣ ልጅቷ ከፊተኞቹ መሐል ትታያለች፣ እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት መብራቱ ድርግም! አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው እላለሁ፤ ሁልጊዜ ነው። ማን እንደቀደመ በማግስቱ ከጅጋ የሚመጣ የበርበሬ ገበሬ ነው የሚነግረኝ።

አዲስ አበባ ለቪዛው ጥያቄ ሲያቀርቡልኝ አንዲት ቀጭን ፈረንጅ መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አንድ ልጅ ያስተረጉማል። ሄደሽ ምን ይመልስሻል አለችኝ። አባቴን አልኳት፣ በርበሬዬን አልኳት። ሌላስ አለችኝ። ኅዳር ሃያ አንድ ለጽዮን ማርያም ማኅበር አለብኝ፣ ተራዬ ነው አልኳት። አስተርጓሚው ተደናገረ፣ ማኅበር ድርጅት ነው ወይ አለኝ። ልጄ፣ ድርጅት አይደለም፤ ወር በወር አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፣ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ በወሩ ይደግሳል፤ እኔ ብቀር ያ ሁሉ ሰው ማን ቤት ይገባል? አልኩት። ነገራት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ምን ትደግሻለሽ አለችኝ! ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጠላ አልኳት። ሳቀችና ጻፈች። እንዲህ አድርጌ ነው ያገኘሁት።

አሁን ደግሞ አፍንጫሽን ያዢ።

ገና ቪዛው ሳይወጣ ወሬው ፍኖተ ሰላምን ሞላት። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ። ሩጫው መቼ ነው የሚለኝ የለም፤ ሳምሪ እንዴት ናት የሚለኝ የለም። «መቼም አትመለሽም አይደል?» ነው። ለማየት ብቻ ነው የምሄደው ስላቸው ዓይናቸውን ይጠቅሱኛል። ሌባ ያደረጉኝ ያህል ቀፈፈኝ።

ወንድማችን ክንዱማ! እናኑ፣ የእናትሽ ልጅ ነውና ስሚ። ከገበያ ስመለስ የግቢዬ በር ተከፍቷል። ክንዱ ገመድ ይዞ፣ አንዱን ጫፍ ከጽዱ ሥር አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ እስከ መጋዘኔ ግድግዳ ወጥሮ ይለካል። ምን እየሠራህ ነው? አልኩት። አልደነገጠም እኮ! «አንቺ እዚያ ስትቀሪ ቦታው ባዶ እንዳይውል ብዬ ነው፤ እዚህ ጋ ሁለት ክፍል ይወጣዋል፣ መጋዘኑን አፍርሰን ደግሞ…» ይለኛል። አፍርሰን! ሳልሞት ተዝካሬን የሚበላ ወንድም ሰጠኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እኔን ንቆ ከአጥሩም አልፎ ገባ። ከዚያም ምሳ ቀረበ ወይ አለኝ! ምራቄን ዋጥኩና አቀረብኩለት፤ እንጀራውን ሲጠቀልል እጁን ማየት አቃተኝ። ገመዱን ግን አልሰጠሁትም፤ ጠቅልዬ ከበርበሬ ጆንያ ሥር ወሸቅሁት። ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰው፤ እኔው ነኝ ያዳረስኩት፣ ምን ልዋሽሽ።

ይሄ አልበቃ ብሎት ስልክ ቁጥሬን ለአንድ ደላላ ሰጠብኝ። ሰውዬው አዲስ አበባ ያረፍኩበት ቤት ድረስ መጣ። ጫቱ ከከንፈሩ ጫፍ አረንጓዴ አረፋ ሆኖ ወጥቷል፤ በመኪና ቁልፍ ጆሮውን እየጎረጎረ በሱሪው ይጠርጋል፣ በዚያው እጁ ሊጨብጠኝ ይዘረጋል። ኤጭ! ነጠላዬን ተከናንቤ በሩቁ ጤና ይስጥልኝ አልኩት። «እናት፣ ስትደርሺ ፓስፖርቱን ሽንት ቤት ቀዳደሽ ትጥይዋለሽ፣ አገር የለኝም ትያለሽ፣ ሰው ይቀበልሻል» አለኝ። የኔን ፎቶ፣ የአባቴን የገብረ ኢየሱስን ስም፣ ሽንት ቤት! አገር የለኝም! ዝናብ እየመታኝ የተሰለፍኩበትን ፓስፖርት! የማቀርብልህ ነገር የለም፣ በሩ ያው ብዬ አስወጣሁት፤ የተቀመጠበትን ወንበር በሳሙና አጠብኩት።

እናኑ፣ እኔ ብጠፋ እኮ ዋሴ ልጅሽ ናት። ነገ ለሷ ማን መጥሪያ ይልክላታል? በኔ ምክንያት የልጅቷ እግር ሊታሰር ነው። ይህን የሚያስብ አንድ ሰው አጣሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን ማኅበሬ ነው። ጥቅምት ሃያ አንድ እህተ ማርያም ቤት ነበርን። በልተን ጠጥተን፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ወደ ተረኛው የሚሻገርበት ሰዓት ሆነ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እጄን ዘርግቼ እየጠበቅሁ ነው። የማኅበሩ መሪ ጋሽ ሀብተሚካኤል ጽዋውን አንሥተው በኔ ላይ አሳልፈው ዮርዳኖስን ጠሩ። ዮርዳኖስም ሳታፍር እጇን ዘረጋች! ፊቴ ጋለ። ምነው ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ተራው የኔ አይደለም ወይ? አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አንቺማ መንገደኛ ነሽ ልጄ፤ የጽዮን ለት ማኅበሩ ደጅ እንዳይቀር ብለን ነው» አሉኝ። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ ውስጥ፣ «የእህቷን አይተን የለ! እናኑም ጽዋ ወስዳ ነው ቤሩት የገባችው፤ ጠላውን ያወጡት እናቷ ናቸው» አለች።

እናኑዬ፣ ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ያኔ ደላላው ተነሺ ሲልሽ ምርጫ እንዳልነበረሽ እኔ አውቃለሁ፤ እማማም ጠላውን ስትጠምቅ አንቺን አላማችም። ግን የዚያ ለት በነጠላ ውስጥ ስምሽ ሲላመጥ መስማት አንገበገበኝ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ነገሩን ያበረዱ መስሏቸው፣ «እንግዲህ ዋስ ትጥራና ትውሰድ» አሉ። ፈረንጇ እንኳ ያመነችኝን ሴት፣ አብሬያቸው እንጀራ የቆረስኩ ሰዎች ዋስ ጥሪ አሉኝ!

ይሄኔ ጥጉ ላይ የሚያንቀላፉ ይመስሉ የነበሩት እማሆይ ወለተጊዮርጊስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት። «ለጽዋ ዋስ? መልካም ነው። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም እንጥራ። ከዚህ ውስጥ ለሚቀጥለው ወር በሕይወት እቆያለሁ ብሎ የሚምል ማነው? እስቲ እጁን ያውጣ!» አሉ። አንድም እጅ አልወጣ። «የእፀገነት ዋስ እኔ ነኝ። ካልመጣች እኔን እሰሩኝ፤ ገመድ ብትፈልጉ የክንዱ አለ» አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዮርዳኖስ እጇን ሰበሰበች። ጽዋውን ተቀበልኩ፣ ሳምኩት፣ በእልልታ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። እልልታው ግን ጆሮዬ ላይ አልጣፈጠኝም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት ይጥፈጠኝ?

ቪዛው የወጣ ለት ስልክሽ ገባልኝ። ድምፅሽን ልሰማ ሮጬ ከፈትኩት። አንቺም! «እቴ፣ እዚያው ቅሪ፣ አገር ቤት ምን አለሽ?» ትይኛለሽ። የሌላው ሁሉ ቀፎኝ ነበር፣ ያንቺ ግን አመመኝ። ምን አለኝ? መጋዘን ሙሉ በርበሬ አለኝ። አባባ አለኝ። የሚያሙኝና የሚሸኙኝ ሰዎች አሉኝ። ደግሞ እኔ የምሄደው ሰው ሆኖ ሄዶ ሰው ሆኖ የሚመለስ እንዳለ ልጅሽ እንድታይ ነው። እስካሁን ያየችው የሄደ ሲቀር ነው።

አሁን ስለ ዝግጅቱ ልንገርሽ፣ ደስታዬ ይመለስ። የምለብሰው ጥበብ ቀሚስ ተሰፍቷል፤ ሳምሪ ብርድ ነው ስላለችኝ ከላዩ ጋቢ እደርባለሁ። ዳቦ ቆሎና በሶ ለልጅቷ ይዣለሁ። እዚያ ስደርስ መጨረሻው መስመር ላይ ቦታ ያዢልኝ ብያት ነበር። እሷ ግን ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ መጨረሻው ላይ ሰው ሞልቷል። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደቡ ጋ፣ ማንም የለም። ሁሌ እግሬ የሚከዳኝ እዚያ ነው። እዚያ ቆመሽ እልል በይልኝ።» በቃ፣ እዚያ ነው የምቆመው። መብራት በሌለበት አገር ያላየሁትን መጨረሻ መብራት ባለበት አገርም ላላየው ነው! ይሁን። እልልታዬን ግን ታውቂዋለሽ፤ ፈረንጅ መንገዱን ይለቃል።

ብቅሉን አብቅዬ ጣራ ላይ አስጥቼዋለሁ። ጌሾው ተገዝቷል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ የመደርደሪያውን ቁልፍ እማሆይ ይዘውታል። ኅዳር አሥር እመለሳለሁ፣ በማግስቱ ጥንስሱን እጥላለሁ፣ ለጽዮን ይደርሳል። ሳምሪም አብራኝ ትመጣለች፤ እንጀራ ታቀርባለች ብያለሁ፣ ብትቀድምም ባትቀድምም።

ለክፍል ጓደኛሽ ለጅጋዋ ህይወት በያት፣ እናቷን ገበያ አግኝቼ ነበር፣ ጥርሷ ተሽሏታል፣ ሰላም ብላታለች። ላሳደግሻቸው ለእመቤትሽ ልጆች ሰላምታ አድርሺልኝ፤ ለእመቤትሽም፣ ስሟን ባላውቀውም፣ ፈቃድ እንድትሰጥሽ እጅ ነሥቻለሁ በያት። ከዚህ ደግሞ አባባ ጉንጭሽን እያገላበጠ ስሞሻል። እማሆይ በመቋሚያቸው ባርከውሻል። እህተ ማርያም ልጇን አደራ ትልሻለች። ክንዱም ሰላም ብሎሻል፤ ገመዱ ይመለስልኝ ይላል፣ ዳሱን ሊወጥርበት ከሆነ የጽዮን ለት ጠዋት እሰጠዋለሁ። ዮርዳኖስም ትምጣ፣ ጋሽ ሀብተሚካኤልም ይምጡ፣ በነጠላ ውስጥ የምታወራዋም ነጠላዋን አውልቃ ትምጣ። አንቺም፣ ያኔ ጥለሽው የሄድሽው ጽዋ ይኸው እኔ ቤት ደርሶልሻል፤ እመቤትሽን ለምነሽ ነይና ቅመሺው። ሁላችሁም ቤቴ፣ እኔው ቆሜ ስቀዳ ለማየት፣ እሁድ፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ለጽዮን ማርያም!

የምትወድሽ እህትሽ
እፀገነት ገብረ ኢየሱስ

ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት ፳፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.