ከቦታው ያልተነሳው ምልክት

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የእማዬ እግር እንዴት ሆነ? ቁስሉ ጠርዝ ጠርዙን መድረቅ ጀምሯል ብለሽኝ ነበር፤ አሁንስ እህል ትቀምሳለች ወይስ እንደ ልማዷ «ጠግቤያለሁ» እያለች ታታልልሻለች? አንቺም ወንበር ላይ ማደርሽን ተዪ። አስታማሚ ሲታመም አስታማሚ የለውም። እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት። እኔ ቤት ናት፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ድመት ትስላለች፤ ጺሙን ከጅራቱ አስረዝማዋለች። እኔ ቤት ለምን እንዳለች እስክነግርሽ ድረስ ግን ታገሺኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የእማዬን ቁስል የምታጥበው ነርስ ናት። ለሥልጠና እዚህ መጥታ አገኘኋት፤ ዛሬ ትመለሳለች። እቤት አምጥታ እንዳትሰጥሽ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ አስጠርታ በእጅሽ እንድታስረክብሽ ለምኛታለሁ። እዚያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሳትጨርሺው ወደ ቤት አትመለሺ።

በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ስለ እማዬ እግር ብቻ ጠይቄሽ እዘጋለሁ። «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ያልሽኝ ዕለት ጉንፋን አልነበረም።

ነገሩ የተነሳው ከሂሳብ ነው። ዘንድሮ ልጅሽ ያለችበትን አራተኛ ክፍል ይዤ የለ፤ ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ልጆቼ አላላውስ አሉኝ። ስምንተኛ ከሩብ ያንሳል ስላቸው «ስምንት ከአራት አይበልጥም እንዴ ቲቸር?» እያሉ ያፈጡብኛል። በተለይ አንዱ፣ በነገር ሁሉ ስለሚከራከር ጠበቃው የምንለው ልጅ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሲሞግተኝ ዋለ። በቃል አልሆን ሲለኝ በሚያዩት ነገር ላስተምራቸው አልኩ። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ጠዋት ብቻ ስለሚያመጣ ለልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ አንድ ሊትር ኮዳ ታድሏቸዋል። በኮዳው ቁመት ልክ ወረቀት ቆረጥንና እጥፍ፣ እንደገና እጥፍ፣ እንደገና እጥፍ አደረግነው፤ ሲዘረጋ ስምንት እኩል ቦታ ወጣው። ያንን ኮዳው ላይ ለጠፍን። ሁለት ስምንተኛና አንድ ሩብ አንድ መስመር ላይ ሲያርፉ ጠበቃው በዓይኑ አየና «ተረትቻለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ የቁጥር መስመር አሰመርኩ፤ በስምንተኛ በስምንተኛ የተከፈለ። ሊለቀቁ ሲሉ ኮዳቸው ውስጥ የቀረውን ውሃ ይለካሉ፤ ተራ በተራ ይወጡና ከልኩ በላይ አንዲት የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ። ሩብ ሊትር የቀረው ልጅ ከሩብ በላይ ያደርጋል፤ ሌላም ሩብ የቀረው ካለ ከዚያው ላይ ይደርባል። ምልክቱ ሲደራረብ ክምር ይሠራል። ትምህርቱ ክምሩን ማንበብ ነው። ብዙው ልጅ የት ነው ያለው? ከሰው ተለይቶ የቆመ አለ? ምክንያቱስ ምን ይሆን?

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ክምር ወጣ። አንዱ ዜሮና አንድ ስምንተኛ ላይ፣ ሌላው ሰባት ስምንተኛና ሙሉው ላይ፤ መሃሉ ባዶ። ምን ይታያችኋል ስላቸው ጠበቃው ብድግ አለና «ሁለት ኮረብታ ነው፤ መሃል ሜዳው ላይ ሰው አይኖርም» አለ። ሳቅን። ቀጠለና «ቲቸር፣ በቀኝ በኩል ያሉት እኮ ሁሉም ሴቶች ናቸው» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ሴቶቹን «እናንተ ውሃ አይጠማችሁም?» አልኳቸው። አንዷ ጫማዋን ታያለች፣ አንዷ የእርሳሷን ጫፍ ትነክሳለች። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ። እኔ ደግሞ ከልጆች ጋር ነው የኖርኩት፤ መልሱ የጠፋው ልጅ ዝምታና መልሱን የዋጠው ልጅ ዝምታ ለጆሮዬ ይለያያሉ።

በነጋታውም ያው ሁለት ኮረብታ። በሚቀጥለውም። የየዕለቱን በትልቅ ወረቀት እየገለበጥኩ ግድግዳው ላይ አንጠለጥላለሁ።

ረቡዕ ዕለት የሴቶቹ ክምር ተናደ። ምልክታቸው ወደ ግራ ፈሰሰ፤ አንዷ ግማሽ ላይ፣ አንዷ ሩብ ላይ፣ ሌሎቹ ዜሮ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተደባለቁ። ደስ አለኝ፤ ማወዳደር ላስተምር ነዋ። የማክሰኞውንና የረቡዑን ጎን ለጎን አድርጌ «ዛሬ ምን ተለወጠ?» አልኳቸው። አንዱ ሙቀቱ ነው አለ፤ ማክሰኞ ይብስ ነበር ብለው አፉን አስያዙት። ያኔ ጠበቃው እጁን አወጣና «ዛሬ ኳስ አልተሰጠንም። ንብረት ክፍል ተዘግቷል፤ ጋሼ መጽሐፍ ሊያመጡ ሄደዋል» አለ።

እትዬ፣ የንብረት ክፍሉ ግድግዳ ከሴቶቹ ሽንት ቤት ጋር አንድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቁልፉ አንድ ብቻ መሆኑን፣ የማን ኪስ ውስጥ እንደሚውልም ታውቂያለሽ።

ወንዶቹ ምንም አልገባቸውም፤ ስለ ኳሱ ማጉረምረም ያዙ። ሴቶቹ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው ልጅሽን አዩዋት። ያን ጊዜ ሰሌዳውን መልሼ አየሁት። ሁሉም ወደ ግራ ሲሄድ አንዲት ኤክስ ብቻ ሙሉው ላይ ቀርታለች። ከቦታዋ አልተነሳችም። የማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም፤ የኤክሷን እግር ጠምዘዝ የምታደርገው ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ሌሎቹ ያን ቀን ቢጠጡ ምንም አይሆኑም፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚገቡበት ሌላ ቤት አላቸው።

ወዲያው ልጅሽን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ መመላለስሽ ታወሰኝ። «ሽንቷን ያቃጥላታል፤ ውሃ ጠጪ ስላት ግትር ትላለች» እያልሽ ታማርሪ ነበር። ሐኪሙም ውሃ አብዙላት አለ። እኛም ቀድተን ቀድተን ሰጠናት።

ልጆቹ ሲለቀቁ አንዷ ረጅም ተማሪዬ በሩ ላይ ቆየችኝ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «ቲቸር ላሳይሽ?» አለችኝ። ሽንት ቤቱ ወሰደችኝ። በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፤ በመሰርሰሪያ የተበሳ፣ ዙሪያው ንጹሕ። ከወዲያ በኩል በጨርቅ ነገር ተወትፏል፤ በእርሳስ ስነካው ወደ ኋላ ሸሸ። «ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው፤ አንዷ በጀርባዋ ትጋርደዋለች። ጋሼ ይህን ሲያውቁ ግን መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ» አለችኝ። ከዚያ በላይ እንድታወራ አላስገደድኳትም። እሷንና ልጅሽን ግራና ቀኝ ይዤ ወደ ረጅሟ ተማሪዬ እናት ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ስትሰማ አልጮኸችም። መቀሷን አስቀመጠች፣ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጠች፣ ተከትላኝ መጥታ ቀዳዳውን በዓይኗ አየች።

ልጅሽን በዚያው ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ለርዕሰ መምህሯ ነገርኳት። መጀመሪያ በሩን አዘጋችኝ። ከዚያ «አሮጌ ግድግዳ መቼ ቀዳዳ ያጣል? ደግሞ የሰው ስም በሂሳብ ትምህርት ይጠፋል? ያውም የእህትሽ ባል። የገዛ ቤትሽን በገዛ እጅሽ ልታፈርሺ ነው?» አለችኝ። «ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል» ብያት ወጣሁ። ሲነጋ ቀዳዳው በእርጥብ ሲሚንቶ ተለስኖ አገኘነው። ሲሚንቶው የሚወጣው ከንብረት ክፍል እንደሆነ ልብ በይልኝ።

እኔና ልብስ ሰፊዋ፣ ሌሎች እናቶችንም ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃላችንን የተቀበለችን መርማሪ ብዙ አትናገርም፤ ትጽፋለች፣ ቀና ትላለች፣ ትጽፋለች። ንብረት ክፍሉን ስታስከፍት እኔም ቆሜ ነበር። የደብተር መደርደሪያውን ፈቀቅ አደረጉት። በዚህ በኩል ማንም አልደፈነውም። ከፊቱ አንድ ትንሽ የተማሪ ወንበር ተቀምጧል፤ መቀመጫው ላይ ትራስ አለ።

እሱ አልተገኘም።

እትዬ፣ አንቱ እያልኩት ነው ያደግኩት። ካንቺ ቤት ሆኜ ስማር ደብተሬን የሚሸፍንልኝ፣ ፈተና ሲደርስ የሚያስጠናኝ እሱ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ግን «አንቱ» ለማለት እጄ እምቢ አለኝ።

ፖሊስ ከመፈለጉ በፊት እኔ ጋ መጥቶ ነበር። የውጭውን በር አልከፈትኩለትም። በአጥሩ ላይ ፌስታል አቀበለኝ፤ የልጅሽ ልብስ ነው፤ አጥቦ፣ አጣጥፎ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ወትሮው ለስለስ ብሎ ነው የሚናገረው። «አንቺ አልወለድሽም፤ ልጅ ስንት ነገር እንደሚፈጥር አታውቂም። እናቷ ከሌላ ሰው ብትሰማ ትሞታለች። እኔ ራሴ ሄጄ ቀስ ብዬ ባስረዳት ይሻላል» አለኝ። ፈገግ እያለ። ልጅሽ ድምፁን ስትሰማ ከጠረጴዛው ተነስታ ጓዳ ገባች። ሮጣ አይደለም። ኮቴዋ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ሻጯ ጎረቤትሽ ሻንጣ ይዞ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ አይታዋለች። የት ነው ብትለው «ባለቤቴን ላመጣት» ብሏታል። ለመርማሪዋ ነግሬያታለሁ፤ እዚያ ላሉት ባልደረቦቿ እደውላለሁ ብላኛለች። ነርሷ በጤና ጣቢያው መኪና ነው የምትመጣው። ማን እንደሚቀድም አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ስታነቢ ምናልባት እሱ እማዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ብርቱካን እየላጠ እያጎረሳት ይሆናል። እሷም እየመረቀችው ይሆናል። ፊትሽን አትለውጪ። አትሟገቺው። ለብቻሽም አትግቢ። ነርሷ ሁሉንም ታውቃለች፤ ፋሻ ልትቀይር የመጣች መስላ አብራሽ ትገባለች፤ የጤና ጣቢያው ጥበቃም ይከተላችኋል። የፖሊሱን ስልክ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እማዬን ነርሷ ትረከብሻለች፤ አንቺ ወደዚህ ነይ።

ምናልባት ትጠዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ «ውሸት ነው» ትያለሽ፤ እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ ባለፉት ዓመታት ያየሻቸው ትንንሽ ነገሮች አንድ በአንድ እየመጡ ይደራረቡብሻል። ያን ጊዜ ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው ቶሎ ነይ የምልሽ። መጥተሽ እኔን ብትሰድቢኝ እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ልጅሽ በመጣች ዕለት የምትተኛበትን ክፍል አሳየኋት። አልጋውን አላየችም፤ አዲሱን ብርድ ልብስም አላየችም። «አክስቴ፣ ይሄ በር ከውስጥ ይቆለፋል?» አለችኝ። መቀርቀሪያውን አሳየኋት። እኔን ወደ ውጭ ቀስ አድርጋ ገፋችኝና ቀረቀረችው፤ ከዚያ እጀታውን ስታወዛውዝ፣ ስትፈትነው፣ እንደገና ስትፈትነው ከውጭ ቆሜ ሰማሁ። ማንን ፈርተሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

ፈጣሪ እማዬን በእግሯ ያቁምልን። ላንቺ ይህን የሚሸከም ትከሻ፣ በመንገድሽም ደግ ሰው ይስጥሽ። እኛ ሁለታችን ደጅ ደጁን እያየን እንጠብቅሻለን።

ታናሽሽ፣
የልጅሽ አክስት