ሲንትራ ላይ እናቴን የካድኩ ቀን

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬም ምንም አላለችኝም። ከፖርቱጋል ከተመለስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። እማዬ ስለ አውሮፕላኑ ምግብ ታወራለች፣ ስለ ሰፈራችን ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናብ ታወራለች፣ ቤተ መንግሥቶቹን ስላየንባት ስለ ሲንትራ ግን አንድ ቃል የለም። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረች ሴት የነገሥታት ቤት አይታ መጥታ ዝም!

ጠዋት ቁርስ ላይ ቀና ሳትል፣ «ዳዊት ጋ ትንሽ ብሰነብት ሳይሻል አይቀርም» አለች። ዳዊት ወንድሜ ነው፣ ከእኛ በመኪና ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ስንት ጊዜ ለምኗት፣ እሱ ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነው የምውለው እያለች እምቢ ስትል ነበር። አሁን ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች። እሁድ እኔው ልወስዳት ነው።

ለምን እንደምትሄድ አውቃለሁ።

ረቡዕ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ለማንም አልናገረውም።

ሲንትራ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር፤ በአንድ አውቶቡስ ሦስት ቤተ መንግሥት። ሐሳቡ የእሷ ነው። ፖርቱጋሎች ለእርዳታ ወደ አገራችን የመጡበትን ዘመን በየዓመቱ ስታስተምር ኖራ፣ «የላኳቸውን ነገሥታት ቤት ሳላይ አልሞትም» ትል ነበር። ደህና ነበርን። አስጎብኚው የሚለውን እየተረጎምኩላት፣ ተራራው ላይ ያለውን ቢጫና ቀይ ቤተ መንግሥት አየን። «ይሄ የልጆች መጫወቻ እንጂ የንጉሥ ቤት አይመስልም» ብላ አሳቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው መሃል ወዳለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ገባን። ውስጡ ጸሎት ቤት አለ፣ ግድግዳው ላይ ርግቦች የተሳሉበት። እኔ ከፊት ሆኜ ስልኬን ስነካካ፣ እማዬ ለካ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መቃኑን ተሳልማ ገብታለች። ጸሎት ቤት ነዋ! በጫማ ይገባል እንዴ? ጸልያ ስትጨርስ ሕዝቡ ወደሚቀጥለው ክፍል እየገፋ ወሰዳት። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። እስከ ንጉሡ ወጥ ቤት ድረስ በካልሲ ሄደች።

እዚያ አንዲት ጥበቃ አስቆመቻት። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ትጮሃለች፣ እማዬ በአማርኛ ታስረዳታለች፣ የአውቶቡሳችን ሰው በሙሉ ቆሞ ያያል። አንዷማ ፎቶ አነሳቻት። አስጎብኚው ወደ እኔ ዞሮ፣ እናትሽ ናት ወይ አለኝ።

«ኖ፣ ኬርጊቨሯ ነኝ» አልኩት። ተቀጥሬ የምንከባከባት ሠራተኛ ነኝ ማለቴ ነው።

እማዬ አጠገቤ ነበረች።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ዋልኩ። አንደኛ፣ የለመደ ምላስ ነው፤ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ ስፕሪንግፊልድ የምጠብቃቸውን አሮጊት ሐኪም ጋ በወሰድኳቸው ቁጥር የምለው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ ደክሞኝ ነበር። ሦስተኛ የለም።

ውሸት ነው። ምላሴ አልሳተም። ሰው ሲያያት አየሁና አፈርኩባት። እኔ ማትሪክ ስወድቅ መምህራኑ የሚያርፉበት ክፍል ድረስ እጄን ይዛ ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት «ልጄ ናት» ያለች ሴት ናት።

ሌላም አለ። ጫማዋን አምጥተውላት ከወጣን በኋላ፣ ሦስተኛው ቤተ መንግሥት ስንደርስ፣ ወታደር የላከልን የትኛው ንጉሥ እንደሆነ አስጎብኚውን ጠይቂልኝ አለችኝ። ልትጽፍ ደብተሯን ከፍታለች። አያውቅም አልኳት። አልጠየቅኩትም እኮ! ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሆቴል እስክንደርስ በመስኮት ስታይ ሄደች።

ኬርጊቨር የሚለውን ቃል ላታውቀው ትችላለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በቀን አሥር ጊዜ በስልክ ስናገረው እየሰማች እንዴት አታውቀውም?

ዓርብ

ልነግራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መኪና ውስጥ ጀመርኩና ሬዲዮ ከፈትኩ። እራት ላይ ጀመርኩና ጨው ጨመርኩ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። ሦስተኛው ይባስ። እግሯን ቅባት እየቀባኋት፣ አሁን ልናገር ስል፣ «እጅሽ ጥሩ ነው፣ ሥራሽን ታውቂበታለሽ» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ቅባቱን ከድኜ ተነሳሁ።

ዳዊት ኮል አደረገልኝ። «ምን ሆናችሁ ነው? እማዬ በራሷ ፈቃድ እኔ ጋ ልምጣ ስትል?» አለ። ምንም አልኩት። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ

ነገርኳት።

ሻንጣዋን ስትዘጋ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና፣ «እማዬ፣ ያን ቀን ለሰውዬው ልጇ አይደለሁም ብየዋለሁ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣልኝም። ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ያላሰብኩትን ተናገረች። «እኔ ነኝ ያሳፈርኩሽ። በካልሲ ያን ሁሉ ሰው መሃል መሄዴ… አንቺ ከሰው ጋር የምትኖሪ ነሽ። ዳዊት ጋ የምሄደው ደግሜ እንዳላሳፍርሽ ነው እንጂ ተቀይሜሽ አይደለም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትረግመኝም። ይቅርታ ልጠይቅ የገባሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ! አትሂጂ አልኳት፣ ሁለት ጊዜ። ሻንጣዋን ቆለፈች።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ አሌክሳንድሪያ ወሰድኳት። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ አደጋ ስለነበር አንድ ሰዓት ቆምን።

የዳዊት ሕንፃ መግቢያው ላይ እንግዳ የሚመዘግብ ሰው አለ። የእማዬን ስም ከጻፈ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺስ ምኗ ነሽ አለኝ።

ልጇ ነኝ አልኩት። ድምፄ አዳራሹን ሞላው፤ ፖስታውን ሲያወጣ የነበረ ሰውም ዞሮ አየኝ። መዝጋቢው ሁለት እጁን አንስቶ፣ «ኦኬ፣ ኦኬ» አለ።

ሊፍት ውስጥ እማዬ፣ «ምነው፣ ሰውዬውን አስደነገጥሽው እኮ» አለች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ እንባዬ ሊመጣ ስለነበር የሊፍቱን ቁልፎች ሳይ ነበር።

ስንት ቀን እንደምትቆይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝታኝ፣ ቅዳሜ ሥራ አለሽ ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ሥራማ አለኝ። ነገ ጠዋት ደውዬ የሚተካኝ ሰው እፈልጋለሁ።