በአንድ ቃል የወሰድኩት ወንበር

ታንታ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ እትዬ ዊዳድ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክልሽ በልጅሽ በሐቲም እጅ ነው። ስልክ እንደሆነ አታነሺልኝም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ዝም አልሽ፤ ለሦስተኛው እኔም ኮራሁና ተውኩት። ሐቲም ግን አንብበሽ እስክትጨርሺ ፊትሽ ቆሞ ይጠብቃል፤ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ቀደሽ ልትጥዪው ብትፈልጊ እንኳ መጀመሪያ ልጅሽን ከቤት ማስወጣት አለብሽ፤ እሱ ደግሞ ምሳ ሳይበላ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ።

ጉዳዩ ያው የወንበሩ ጉዳይ ነው። ስልሳን ያለፉ ሁለት እህትማማቾች በአውሮፕላን ወንበር ተኳርፈው ስምንት ወር ሳይነጋገሩ ከረሙ ቢባል ማን ያምናል? እኔ እንኳ ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ «እትዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ነው ያስቸገራት» እያልኩ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ። አንዳንዱን አንቺም አታውቂውም።

ለወንድማችን ልጅ ለሻዛ ሠርግ ከካይሮ ወደ ካዛብላንካ የበረርን ዕለት ከቤት ስንወጣ ጀምሮ ሆዴ ሻክሮ ነበር። ሐቲም ላንቺ ከፊት፣ ቢዝነስ ክላስ፣ ሁለተኛው ረድፍ መስኮቱ ዳር ወንበር ገዝቶልሻል፤ ጉልበትሽን ቀዶ ሕክምና ካደረግሽ ገና አራተኛ ወርሽ ነበር። ለእኔም ትኬት የገዛልኝ እሱ ነው፣ አላማርርም፤ የእኔ ግን ሃያ ሰባተኛው ረድፍ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። አሁንም መስኮቱ ዳር የዊዳድ ነው አልኩ በልቤ። ልጆች ሆነን በየበጋው ወደ እስክንድርያ በባቡር ስንሄድ «ታላቅ ነኝ» እያልሽ መስኮቱን ትይዢ ነበር። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የአባባ ክርን ጎኔን ሲወጋኝ፣ ባሕሩ መታየቱን የምሰማው ካንቺ አፍ ነበር። የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ትይዛለች ወይ ብትዪኝ፣ አዎን፣ ትይዛለች።

ግብዣሽንም ቢሆን አላምነውም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጀልበኛ ግብዣ አይደል? ጀልባው ወንዙ መሀል ደርሶ፣ ዳር ለቆመው ሰው «ና ምሳ እንብላ!» ይባላል፤ ሰውየው ዋኝቶ እንደማይመጣ ይታወቃል። አንቺም ለጉዳይ ወደ ከተማሽ በመጣሁ ቁጥር ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነትሽ ላይ «ቡሰይና፣ ነይ ውጪ ምሳ ብዪ!» ስትዪኝ፣ ሳህኑ እየታጠበ እንደሆነ ድምፁ እታች ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔም እንደ ወጉ «ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» ብዬ አልፋለሁ። ጋባዥ ይጋብዛል፣ ተጋባዥ እምቢ ይላል። ይደገማል፣ «ኧረ በፍጹም» ይባላል። በሦስተኛው መሐላ ሲመጣ ግብዣው የእውነት መሆኑ ይታወቃል። በመጀመሪያው ቃል እሺ የሚል ሰው ካለ እናቱ አላሳደገችውም ነው የሚባለው፤ እናታችን ደግሞ በደንብ አሳድጋናለች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ ኋላ የተነሳውን ግርግር ታስታውሺያለሽ። አንዱ «ባለቤቴ ከማታውቀው ወንድ አጠገብ አትቀመጥም!» ብሎ ይጮኻል። ወንበር ልቀቅ የተባለው ሽማግሌ ደግሞ «እኔ ይህን መስኮት የያዝኩት ከወር በፊት ነው፣ ወንድሜ! ያኔ አንተም ሚስትህም አልተወለዳችሁልኝም!» ይላል። ያ ረጅሙ አስተናጋጅ ላቡን እየጠረገ፣ «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ መጀመሪያ ተቀመጡ! አንድ ሰው ላዛውር ብዬ አሥራ አንድ ሰው አዛወርኩ፣ አሁንም የመጀመሪያው ሰውዬ እንደቆመ ነው!» ሲል አንቺ ሳቅሽ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሎ እኔ አንቺ ወንበር አጠገብ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ።

ያኔ ነው ብድግ ብለሽ፣ «ቡሰይና፣ አንቺ እዚህ ተቀመጪ። እኔ ኋላ እሄዳለሁ» ያልሽኝ።

እኔም «እሺ» አልኩ።

ይኸው ነው። የለም የለ፣ ኧረ በፍጹም የለ። ቃልሽን አፍሽ ላይ እንዳለ ያዝኩብሽ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቦርሳዬን ወንበርሽ ላይ እየወረወርኩ፣ «ዕድሜ ልክሽን ከሰገነት ላይ ስትጋብዢኝ ኖርሽ፤ ዛሬ እንኳ አንዱን ግብዣሽን ልብላው!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከጎን የተቀመጠው ባለ መቁጠሪያ ሰውዬ ሳቀ። ከኋላችን የቆሙትም ሳቁ። አንቺ ሌላ ነገር ልትናገሪ አፍሽን ከፍተሽ ነበር፤ መልሰሽ ገጠምሽው። አስተናጋጁ «ሁለታችሁም ተስማምታችኋል?» ሲል ራስሽን ብቻ ነቀነቅሽ፤ ከዚያ ምርኩዝሽን አንስተሽ ወደ ኋላ ሄድሽ።

ወንበሩ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንዷን ቁልፍ ስነካት እግሬን ከሥር አንስታ ዘረጋችልኝ፤ ሌላዋን ስነካ ጀርባዬ ወደ ኋላ ጋደም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮኽብኝ የኖረው ወገቤ ዝም አለ፤ ዝም ሲል ደግሞ ሰላም ማለት ምን እንደነበረ ትዝ አለኝ። የማንም ክርን አልወጋኝም። ሙቅ እርጥብ ፎጣ አመጡልኝ፣ ፊቴን ጠረግሁበት። ውሃው በእውነተኛ ብርጭቆ ነው የመጣው። ወደ ታች ሳይ ባሕሩ ይታያል። የዚያን ዕለት ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያየሁት።

ምግብ ሲመጣ አስተናጋጇ «ወይዘሮ ዊዳድ፣ አስቀድመው ያዘዙት ይኸው» ብላ አስቀመጠችልኝ። ዊዳድ አይደለሁም አላልኳትም። ባለ መቁጠሪያው ሰውዬ ሽሮፕ የሚንጠባጠብ የባስቡሳ ኬክ ሲበላ፣ ለእኔ የመጣው ዓሣ፣ አትክልትና አንድ ፖም ነው። ሐኪሙ ለጉልበትሽ ብሎ ክብደት ቀንሺ ብሎሽ ይሆናል ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። እንዲያውም ስኳር በሽታ ላለብኝ ለእኔ ተስማማኝ፤ ዕድሌ ነው ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ሁለት ሰዓት ያህል ተኝቼ ስነቃ ኅሊናዬ ቆነጠጠኝ፤ ተነስቼ መጣሁ። ሃያ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ግን የለሽም። ያቺ ባሏ የጮኸላት ሴት መተላለፊያው ዳር ተቀምጣ የዱባ ፍሬ ትፈለፍላለች። አንቺን ያገኘሁሽ መጸዳጃው አጠገብ፣ በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሀል፣ ጉልበትሽ ከፊትሽ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ ነው። ለእነሱም ለቀሽላቸው ኖሯል።

«ነይ፣ እንቀያየር» አልኩሽ።

«ተመችቶኛል፣ ሂጂ» አልሽኝ።

ሄድኩ፣ እትዬ። ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬሽ ሄድኩ። ሁለተኛ አልደገምኩም፣ በሞቴ አላልኩም፣ አልማልኩም። ወጉን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ «ተመችቶኛል» ማለትሽ «ደግመሽ ጠይቂኝ» ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ወንበሩ ናፍቆኝ ነበር። የፊተኛውን ክፍል መጋረጃ መለስኩና ተመልሼ ተጋደምኩ።

ካዛብላንካ ስንደርስ ጉልበትሽ ሐብሐብ አክሎ ነበር። ሙሽራዋ ፊት ፊት ሻማ ይዘሽ እንድትሄጂ ወንድማችን ረአፋት ከወራት በፊት ለምኖሽ፣ ቀሚሱን አሰፍተሽ፣ እናታችን ብትኖር የእሷ ቦታ ነበር እያልሽ ስትዘጋጂ የከረምሽበት ሠርግ ነው። ሻማውን የሙሽራው አክስት ያዘችው። አንቺ በዚያ ቀሚስ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ እግርሽን በርጩማ ላይ ሰቅለሽ ታጨበጭቢ ነበር። ረአፋት «ምን ሆነሽ ነው?» ሲልሽ እኔ አጠገብሽ ነበርኩ፤ ትናገራለች ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። «ደረጃ ላይ አዳለጠኝ» አልሽው። በመልሱ ጉዞ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

እኔም ስምንት ወር ሙሉ ጥፋቴን ሳልክድ ግማሹን ላንቺ ሳካፍል ከረምኩ። ለአፏ ያህል ጋበዘችኝ፣ ቃሏ ራሷን ያዛት፣ እኔ ምን ላድርግ? እያልኩ።

እሑድ ዕለት ሐቲም መጣ። ከዶሃ ዕረፍት ወጥቶ አክስቱን ሳይጠይቅ አይመለስም፣ ልጅሽ ጨዋ ነው። ስለ ኩርፊያችን ምንም አልነገርሽውም ኖሯል። ሻይ ቀዳሁለት፣ አንዴ ፉት አለና ፊቱን ቋጠረ።

«አክስቴ፣ ይሄ ሻይ ስኳር የለውም።»

«እዚህ ቤት ስኳር ከጠፋ ስንት ዓመቱ!»

«እህ፣ ረስቼው። ለመሆኑ ያ የአውሮፕላኑ ምግብ ተስማማሽ?»

«የቱ ምግብ?»

«ለስኳር በሽተኛ ብዬ ያዘዝኩልሽ ነዋ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ።»

«እሱማ የእናትህ ወንበር ነው፣ ምን ነካህ?»

ሳቀብኝ። «በስሟ ይሁን እንጂ መጀመሪያውንም ያንቺ ነበር እኮ! ከፊት የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። እማዬ ‹ለቡሰይና ይሁን፣ ወገቧ አያስቀምጣትም› አለች። ጉልበትሽስ ብላት ‹ጉልበቴን ለእኔ ተውልኝ› ብላ ጮኸችብኝ። ‹በስሟ ብትገዛው ትኩራራብናለች፣ ትምልብናለች፣ አትቀመጥም። በስሜ ግዛው። ልንነሳ ስንል ሰው ፊት ሦስት ጊዜ እምልባታለሁ፣ ያኔ መግቢያ ታጣለች› አለች። ምግቡንማ እንዳልረሳ ሁለቴ ደውላልኛለች።»

አለቀስኩ፣ እትዬ። ልጅሽ ፊት፣ የሻይ ብርጭቆ እንደያዝኩ። ምን እንደሆንኩ አልገባውም፤ ስኳሯ ወረደባት ብሎ ፖም ሊያመጣልኝ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ፖሙን ሳይ ባሰብኝ።

ያ ተከፍቶ የተገጠመ አፍሽ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ሁለተኛውን «በሞቴ» ልትዪኝ ነበር። ሦስተኛውን መሐላ ከቤትሽ ይዘሽ መጥተሽ ነበር። እኔ እምቢ እንድልሽ ነበር የጠበቅሽው፤ ልትለምኚኝ ተዘጋጅተሽ ሳለ ነጥቄሽ ሰው አሳቅኩብሽ። ምሳሽ የአፍ ነው ብዬ ስንቱን ቀን በሰገነትሽ ሥር እንዳለፍኩም አሁን እያሰብኩ ነው። ምናልባት ሳህን እያጠብሽ የነበረው ለእኔ ልታቀርቢ ይሆናል። ደግሜ አልጠየቅኩሽም፣ አላወቅኩም።

ስለ ወንበሩ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ወንበሩስ የእኔው ኖሯል። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ምላሴ ነው። ደግሞም ከመጸዳጃው አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄሽ ስለሄድኩበት ነው። ሻማውን ስላሳጣሁሽ ነው። ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ፣ በእናታችን አፈር ይቅር በዪኝ። ይኸው ሦስት ጊዜ አልኩ።

ሻዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ልጁ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ስም ሲወጣለት፣ ሁለታችንም እዚያ እንድንገኝ ረአፋት ይለምናል። ሐቲም «ከፊት ልፈልግ?» ቢለኝ፣ ተው አልኩት። ኋላ፣ ጎን ለጎን አስቀምጠን፤ መተላለፊያው ዳር ላንቺ፣ እግርሽን እንድትዘረጊ። መስኮቱን እኔ እይዛለሁ፣ ባሕሩ ሲታይ እነግርሻለሁ። የማንም ባል መጥቶ ወንበር ልቀቂ ቢልሽ አንቺ እንዳትመልሺለት፤ ወደ እኔ ላኪው። ይህ ምላስ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀምሽ።

አርብ ከሶላት በኋላ በባቡር እመጣለሁ። የታንታ ጣፋጭ፣ ሐላዋ ይዤልሻለሁ፤ እኔ አልቀምሰውም፣ አንቺ ብዪው። ሰገነትሽ ሥር እቆማለሁ፤ እንዳትወርጂ፣ ደረጃው ለጉልበትሽ አይሆንም። ልብሽ ገና ካልተፈታ ከመንገድ ዕቃ የምትስቢበትን ቅርጫት በገመዱ አውርጂልኝና ሐላዋውን አስገብቼልሽ ልመለስ፤ አልቀየምሽም።

ከተፈታ ግን «ቡሰይና፣ ነይ ውጪ ምሳ ብዪ» በዪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ በዪኝ፤ መሐላ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቃል እወጣለሁ። ያን ጊዜ እሺ ያልኩሽ ስላላመንኩሽ ነበር፤ አሁን ግን ስለማምንሽ ነው።

ታናሽሽ፣
ቡሰይና