ገጀራ ያስቀጠረው ልጅህ

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ይኸው አራተኛው የቡና ወቅት ገባ። የእኔ ንዴት ግን ዛሬም አልበረደም።

እዚህ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው የቡና መጋዘን በር ላይ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሥራ ፈላጊው ይኮለኮላል። ካቦውም ያው ነው። ዘርህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ አይሞኝም፤ እድርህ የት ነው ይላል እንጂ። እድሩን የሰማ የሰውየውን አገር ያውቃል። አንተ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረህ ከዳውሮ ስትመጣ የተጠየቅከው ይኸንኑ ነበር፣ ካረጀህም በኋላ ይኸንኑ። የሌላ እድር ስም ጥራ ብለን ስንለምንህ፣ የሚቀብሩኝን ሰዎች አልክድም አልከን። በመጨረሻ የመለሱህ ዕለት ለምን ብለህ ብትጠይቅ ዘበኞቹ መሬት ላይ ጥለው ጎድንህን ረገጡት። ያ ሁሉ ሰልፈኛ አላየሁም አለ። ሥራውን ፈልጎ ነዋ። ከዚያ አልተነሳህም፤ የቀበሩህ ያልካድካቸው ናቸው።

ወንድሜ መስፍን ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀልህ። ጅማ ተወልዶ፣ ኦሮምኛውን ከሁላችንም አቀላጥፎ እየተናገረ፣ በየቢሮው አባትህስ ከየት ነው እየተባለ ተመለሰ። ከእሱ ያነሰ ውጤት ያመጡ ጓደኞቹ ሥራ ገብተዋል። ሲብስበት እዚያው መጋዘን ለጫኝነት ተሰለፈ፤ እንደ አንተው መለሱት።

ቤት መጣና ገጀራውን አንስቶ ወጣ። ጫማም ሳላደርግ ተከተልኩት። ስደርስ ካቦውን ግድግዳው ላይ አጣብቆ ገጀራውን አንገቱ ላይ አድርጎታል። ስለቱን በእጄ ያዝኩት። መዳፌ ተሰነጠቀ፣ ደሜ የካቦውን ሸሚዝ አራሰው። ከገደለው እሱንም ማጣቴ ነው፣ የቀረኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ልቤ ተይው፣ ይጨርሰው ይለኝ ነበር።

ካቦው ፖሊስ አልጠራም። በማግስቱ ሰው ልኮ መስፍንን ቀጠረው። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በትህትና የለመንከው በአንድ ገጀራ ተገኘ። ምን አድርጎ እንደቀጠረው ታውቃለህ? ዘበኛ። እንዲህ ያለ ደፋር ለበር ይሆነኛል አለ አሉ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ አንድ የአገርህን ሰው፣ ሽማግሌ፣ መስፍን ደረቱን ገፍቶ ከሰልፉ ሲያስወጣው አየሁ። ሰውየው በጀርባው ወደቀ። መስፍን አየኝና ፊቱን አዞረ።

እኔ አልረሳህም፣ እሱም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሰልፉ ፊት እቆማለሁ። እጁን የሚያነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ ሲመታኝም ስምህን እጠራለታለሁ።