በሱሪ የተነሣች አገር

ማርች 9
ዝናብ። ከጎረቤቴ ከጋሽ ጉ ጋር ቼዝ። እንደ ወትሮው እኔ ተሸነፍኩ። ሁለታችንም ፒጃማ ለብሰን የሰፈሩ መግቢያ ጣሪያ ሥር... የሻንጋይ ሰው ደጅ የሚቀመጥበት ሌላ ልብስ አለው እንዴ? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የራሴን ድምፅ የምሰማው ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ብቻ ነው።

ማርች 21
የሰፈር ኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ጂን ስብሰባ ጠራች። በሜይ የዓለም ኤግዚቢሽን ከተማችን ላይ ይከፈታል። ዓለም ሊያየን ይመጣል። ስለዚህ በፒጃማ ደጅ መውጣት ክልክል።
«ኃያል አገር ሆነናል እኮ!» አለች።
«ታዲያ ኃያል ሰው ያሻውን አይለብስም?» ጋሽ ጉ ነው።
ሳቅ። እሷ አልሳቀችም።
ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬያለሁ። በመርከብ የተነሡ አገሮች አውቃለሁ፣ በመድፍ የተነሡም። በሱሪ የተነሣ ግን... የትኛው ምዕራፍ ላይ ነበር?

አፕሪል 2
ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩ በጎ ፈቃደኞች የሰፈሩን በር ይዘዋል። በፒጃማ የወጣውን ጋሽ ጉን ቁርሱን ሳይገዛ መለሱት። «ዓለም ከፈለገ ቤቴ መጥቶ ይየኝ!» ብሎ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።
እኔ? ሱሪ ለብሼ የአኩሪ አተር ወተት ገዛሁለት። ፈሪ ነኝ። ፈሪ ግን ቁርስ ይበላል።

አፕሪል 10
አሁንም አይወጣም። በመስኮቱ «ቼዙስ?» ስለው፣ «ሂድ አንተ ሱሪያም!» አለኝ።
እሱ ከተቀየመኝ ማን ቀረኝ?

አፕሪል 12
እትዬ ጂን ቤቱ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፈገግ ብላለች። አልወደድኩትም።

አፕሪል 13
ጋሽ ጉ የሰፈሩ በር ላይ ቆሟል። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ቀይ ጨርቅ። አንገቱ ላይ ፊሽካ!
«ምን ሰጠችህ?»
«ኃላፊነት።»
«ጨዋታውስ?»
«በሥራ ሰዓት?»
«ከሥራ በኋላ?»
«ግምገማ አለን።»
አገር እንዲህ ነው የሚነሣው ለካ... ለእያንዳንዱ አመፀኛ አንድ ፊሽካ።

ሜይ 4
ኤግዚቢሽኑ ተከፍቷል። ወደ ሰፈራችን አንድም የውጭ ሰው ዝር አላለም።
ጠዋት ከበሩ ሳልደርስ ፊሽካ።
«መምህር ሸን! የሸሚዝዎን የላይኛውን ቁልፍ!»
ዞር ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ላይ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም።
ቆለፍኩ።
«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለኝ።