በወንበሬ ላይ የተቀመጠችው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? አባባስ እንዴት ነው? እኔን ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፤ አሁን ቆሜ መሄድ ጀምሬያለሁ። ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ባለቤትሽ «ደሞዝ እየተከፈላት ነገር ትሰነጥቃለች» የሚለው ነው። አልተሳሳተም። ሰው ሲናገር ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ቃሉ የራሱ የሚሆነውም በምን እንደሆነ ስንጠያየቅ እንውላለን። በትምህርት ክፍላችን የቆየ ደንብ አለ። ረቡዕ ከሰዓት ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ እንከራከራለን፤ አንዳችን ከቀረን ሌላ ሰው በወንበራችን ተቀምጦ፣ እኛ ብንኖር የምንለውን ይላል። ተቀማጩን «ጥላ» እንለዋለን። ደንቡ የባልደረባን ሐሳብ ከባለቤቱ ባልተናነሰ ማወቅ ይገባል ከሚል የመጣ ነው፤ ለእኔም መልካም ደንብ ይመስለኝ ነበር።

ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ካረፉ በኋላም ጥላቸው ከወንበሩ አልተነሣም። መጀመሪያ የጻፉትን ብቻ ይደግም ነበር። እያደር ግን ያልጻፉትን ማለት ጀመረ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ የወጣ መጽሐፍ ይነቅፋል። አሁንማ እንደሳቸው ያስላል። የሚስቅ የለም፤ ውሃ ያቀርቡለታል።

ባለፈው ረቡዕ ተሽሎኝ ስመለስ ትንሽ ዘግይቼ ገባሁ። አንዲት ወጣት መምህርት በወንበሬ ተቀምጣ የእኔን ትናገራለች። ትነሣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሣችም። ቀና ብሎ ያየኝም የለም። ግድግዳው ሥር ካለው ትርፍ ወንበር ቁጭ አልኩ። የምትለው ሁሉ ታምሜ ተኝቼ ያሰብኩት፣ ለማንም ያልተነፈስኩት ነበር። እኔ ሳስብ እንደማደርገው ቀለበቷን በጣቷ ላይ ታዞራለች።

በመጨረሻ ሰብሳቢው «እሷ በዚህ ትስማማለች?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔን ማለቱ ነው። «ትስማማለች» አለች። እጄን አውጥቼ «ኧረ እኔ አልስማማም» አልኩ። ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞሮ «እንዲህ ትል ነበር እንዴ?» አላት። ትንሽ አሰበችና፣ ያዘነችልኝ በሚመስል ድምፅ፣ «አይ፣ እሷ እንዲህ አትልም» አለች። ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። በቁሜ ቀበሩኝ። የሚያስፈራኝ ደግሞ ለአፍታ እኔም «እውነቷን ይሆን?» ማለቴ ነው።

ቤቴ ስደርስ ደብዳቤሽን አገኘሁ። አባባ «ልጄ ሥራዋን ትጨርስ፣ ለእኔ ብላ እንዳትመጣ» ይላል ብለሽ ጽፈሻል። እታለም፣ አባባ ስትሮክ መትቶት አንደበቱ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። በደብዳቤሽ ግን ያወራል፣ ይመርቀኛል፣ ይቀልዳል፤ ባለፈው ጊዜማ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አምቶልኛል። ስልክ ስደውልም ከጎኑ ሆነሽ «ሰላም ይልሻል» ትይኛለሽ። አባባልሽ ቁርጥ እሱን ነውና ደስ እያለኝ እሰማ ነበር። ማን እንዳለው አልጠየቅኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ሳይወጣ አፋፍ የደረሰውን ማን ይመልሰዋል?

አልቀየምኩሽም። የምታጥቢው፣ የምታጎርሺው አንቺ ነሽ፤ ለእኔም አዝነሽልኝ ነው። ግን ያን ቀን ግድግዳ ሥር ተቀምጬ የታየኝ አባባ ነው። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ «አትምጪ ይላል» ብለሽ ስትጽፊ፣ እሱ በሆዱ «ትምጣ» እያለ ቢሆንስ?

ስለዚህ እሑድ እገባለሁ። የክፍሉን ኃላፊ ፈቃድ ብጠይቀው «ሂጂ፣ ምን ችግር አለ፤ ወንበርሽ ሰው አለው» አለኝ። «ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ አልመጣም» የሚል ደብዳቤ በእኔ አነጋገር ቢደርስሽ አታምኚው።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ነገር ሰንጣቂዋ መጣችልህ፣ ተዘጋጅ በይልኝ። ልብስ ሰፊውንም ሰላም በይው፤ ያ ሐሜት የማን እንደሆነ ስመጣ እናጣራለን። አባባን ግን በእኔ ስም ሰላም አትበይልኝ። መምጣቴንም አትንገሪው። እኔው በአፌ እነግረዋለሁ፤ መልሱ ትንፋሽ ብቻ ቢሆንም ከራሱ እሰማዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከመኝታ ክፍሌ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰኔ 9 ቀን