የደበዘዙት የቁርኣን ወረቀቶች

ሙሐመድአሚን ልጄ፣

መጀመሪያ ፍራሹ ላይ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ፕሪንተሩን ስንገዛ በጠርሙስ ቀለም የሚሞላው ይሻላል ብዬህ ነበር። አንተ ግን «አባባ፣ እሱ ውድ ነው፤ እኔ አስልቼዋለሁ» አልከኝ። አሁን የርካሹ ማሽን ቀለም በዋጋ ራሱን ማሽኑን ሊያህል ምንም አልቀረው።

ይኼስ ይሁን። ቀለም ልቆጥብ ብለህ ለማቀራቸው፣ ንባብ ለማስተምራቸው ልጆች የቁርኣኑን ትምህርት አደብዝዘህ አተምክ። ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ዓይናቸውን ሲያሹ ዋሉ፤ አንድ መስመር እንኳ መቅራት አልቻሉም። ስነግርህ «ይጣሉትና ሌላ አትማለሁ» ብለህ ሳቅክ።

የአላህ ቃል ያለበት ወረቀት ይጣላል ወይ? ከሰል ይያያዝበታል? ወላሂ፣ ይህ ስሌትህ ውስጥ የለም!

በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ከመስጊዱ ጀርባ ልቀብረው ሄጃለሁ። በዚህ ጉልበቴ።

ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለልህ፤ አሙቀህ ብላ።

ጠዋት በሩ የጮኸው በንፋስ አይደለም፤ ተናድጄ ስወጣ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከበላህ በኋላ ና። ሁለተኛውን ዶማ በሩ ሥር ትቼልሃለሁ።

ስንመለስ ለነገ አድምቀህ ታትማለህ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ አውጥተህ እየው። ያኔ አደራ ልጄ፣ የእነዚያን ልጆች ዓይን አስታውስልኝ።

ሷሊህ